በቢሮ የተነገረ መርዶ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ዕድሜዋን የተማሪ ጭንቀት ስታዳምጥ ለኖረች ሴት ጋቢ ማልበስ «በቃሽ፣ አሁን ሄደሽ ተኚ» እንደማለት ነው። የተማሪዎች ዲን ንግግር አደረጉ፤ የአባቴን ስም ሳቱት። ኬክ ቆረስን። የምክር አገልግሎቱን ከእኔ የተረከበችው ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ማይክራፎን ይዛ «እትዬ ሮማን፣ ለእኛ ለአዲሶቹ አንድ ነገር ብቻ ይምከሩን» አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ! ቆሜ አሰብኩ፤ የመጣልኝ ነገር በማይክራፎን የሚነገር አልነበረም። «ምሳ ሳትበሉ ተማሪ አታነጋግሩ» አልኩና ተቀመጥኩ። ሳቁ። እኔ የምሬን ነበር።

ከግቢው ስወጣ ጥበቃው አስቆመኝ። በፌስታል አሮጌ የአሉሚኒየም ትሪ ይዣለሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ የንብረት መውጫ አለዎት?»

«የመንግሥት አይደለም። የሲስተር ጽጌ ነው።»

«ሲስተር ጽጌ ማናቸው?»

አዲስ የተቀጠረ ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። ትሪውን አገላብጦ አየው፤ የንብረት ቁጥር ስላጣበት ለቀቀኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን ጥያቄው አብሮኝ ተሳፈረ። ሲስተር ጽጌ ማናት? ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ተጨመረበትና ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት ኮተቤ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ መካሪ መምህርት ተብዬ። በዚያ ዘመን መካሪ ማለት አርፋጅ የሚቀጣ ሰው ነበር። ቀጥሎ መገናኛ አጠገብ በነበረ ጤና ጣቢያ የደም ምርመራ ውጤት በሚነገርበት ክፍል ሠራሁ። መድኃኒቱ ገና አልተዳረሰም፤ ውጤት መንገር ፍርድ ከማንበብ አይሻልም ነበር። እዚያ ለብዙ ሰው ክፉ ቃል ነግሬያለሁ። በሩን ዘግቶ፣ ቁጭ አድርጎ፣ በረጋ ድምፅ፣ ሳያንዛዙ። ክፉ ወሬ መንገር አውቃለሁ ብዬ ማመን የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ይህን አስታውሱልኝ።

ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣሁ። ግቢያችን ከአየር ማረፊያው ብዙም አይርቅም። አውሮፕላን ሲነሳ መምህሩ አፉን ይዘጋል፤ ድምፁ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። የምክር አገልግሎት የሚባለው አንድ ክፍልና አንዲት ሴት ነበር። ሴትየዋ ሲስተር ጽጌ ናት፤ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሠራች ነርስ። አጭር፣ ሰፊ፣ ድምጿ ጎርናና። ከፕሬዚዳንቱ እስከ አትክልተኛው «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። እኔ በወጉ «እርስዎ» ብዬ ብጀምራት «እርስዎ የሚባለው የሞተ ሰው ነው፤ እኔን አንቺ በይኝ» ብላ ቆጣችኝ። እስከ መጨረሻው አንቺ አልኳት።

በገባሁ ሳምንት መጀመሪያ ያሳየችኝ በሩን ነው። «የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት» የሚለውን ታፔላ በገዛ እጇ ነቅላ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደብቃዋለች። «በዚህ ሥር ሲገባ የታየ ልጅ በማግስቱ ዶርም ውስጥ እብዱ ይባላል» አለችኝ። ከዚያም አስተዳደሩን ደጅ ጠንታ፣ ከሕንጻው ፊት ለፊት ወደ ጀርባው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ አዛወረችን። እዚያ ወረቀት ይዞ የሚቆም ሰው አይጠረጠርም። ስንቱ ተማሪ ባዶ ሉክ ይዞ ተሰልፏል! ሰው ሲያልፍ ኮፒ የሚያስነሳ መስሎ ይቆማል፤ ሰው ሲጠፋ ወደ እኛ ይታጠፋል። የፎቶ ኮፒ ሠራተኛዋም ነገሩ ገብቷት፣ ባዶ ሉክ የያዘውን ምንም ሳትጠይቅ ታሳልፈው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ትሪው ነው። ሲስተር ጽጌ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ አታውቅም። ልጁ ሲገባ «ምሳ በላህ?» ትለዋለች። ወንበር ከጎኗ ታስጠጋለታለች፤ ያልተለቀመ ምስር ያለበትን ትሪ ወደ መሃል ትገፋለች። «እስኪ አግዘኝ፣ ዓይኔ ደክሟል።» ዓይኗ ምንም አልሆነም ነበር።

እኔ ከትምህርት ቤት የተማርኩት ፊት ለፊት መቀመጥ ነው፤ ዓይን ማየት ነው። ይሄ ምንድነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ልጆቻችን እንዴት እንዳደጉ ረሳሽው?» አለችኝ። «ትልቅ ሰው ፊት ዓይን አይነሳም። አንቺ ደግሞ ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ፣ ጉድህን አውጣ ትይዋለሽ። እንዴት አድርጎ? ለዓይኑ ሥራ ስጪው፤ አፉ ራሱ ይፈታል።»

ምስሩን ከሾላ ገበያ ነበር የምትገዛው። ሰው ሁሉ የጠራውን ሲመርጥ እሷ ጠጠር የበዛበትን ስለምትጠይቅ ሻጮቹ ለይተው ያውቋታል። ታሽጎ የሚሸጥ የጸዳ ምስር የመጣ ጊዜ ተናደደች። አንድ ቀን ከቢሮው ጓሮ አጎንብሳ ጠጠር ስትለቅም አገኘኋት፤ ለካ ከታሸገው ምስር ጋር ልትቀላቅለው ነው። «ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ስላት «ዝም በይና አግዢኝ» አለችኝ። አገዝኳት።

ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዱን አልረሳውም። ከጎጃም የመጣ የምህንድስና ተማሪ ነው። እየመጣ ምስር ለቅሞ፣ «ደህና ዋሉ» ብሎ ይሄዳል እንጂ አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔ ጥያቄ ልወረውር ስል ሲስተር ጽጌ በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ትነካኛለች። አንድ ቀን ጠጠር በጣቶቹ እንደያዘ ቀረና «አባቴ ለምርቃቴ ወይፈን እያደለበ ነው» አለ።

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«እኔ እኮ ከተባረርኩ ቆየሁ።»

ጓደኞቹ ዶርም ውስጥ ተደብቆ ያድር ነበር። ወይፈኑ ከመታረዱ በፊት በራሱ ላይ ምን ሊያደርግ እንዳሰበም ነገረን፤ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ። ሲስተር ጽጌ መልቀሟን አላቋረጠችም። ከጎኗ ሳታርቀው፣ ፈቃዱን ጠይቃ፣ አባትየው ጋ ደወለች፤ ከእርሻ እስኪጠሩላት ስልኩን ይዛ ጠበቀች። ሰውየው ሁሉንም ሰምተው «ወይፈኑ ለመምጫውም ይታረዳል፤ ልጄን ብቻ ስደዱልኝ» አሉ። ልጁ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እኛም ያው እንደ ሰው አለቀስን።

እንዲህ ሁሌ የሚያምር አይምሰላችሁ። ያላተረፍናቸውም አሉ። ስለ እነሱ አልጽፍም፤ ወላጆቻቸው በሕይወት አሉ።

አለቆች ተፈራርቀውብናል። አንደኛው ትሪውን አይቶ «ቢሮ ነው ወይስ ወጥ ቤት?» አለ። ሌላኛው በየሩብ ዓመቱ ስንት ተማሪ እንደዳነ በመቶኛ እንድናቀርብ አዘዘ፤ ሲስተር ጽጌ «እኔ ራሴስ ስንት በመቶ ደህና ነኝ?» ብላ ወረቀቱን ባዶውን መለሰችለት። የደመወዙን ነገር ተዉት።

እሷ ጡረታ ስትወጣ ቢሮውን ተረከብኩ። ትሪውን «ለአንቺ» ብላ ትታልኝ ሄደች። እኔ ግን አዲስ ሹም ነበርኩ፤ አዲስ ሹም ደግሞ የሚያደርገው አያጣም። ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ ክፍሉን ቀለም አስቀባሁ፣ ሁለት የሚመቹ ወንበሮች ፊት ለፊት አደረግሁ፣ በመሃል ትንሽ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ሶፍት። ትሪውን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። የሙያው ሕግ ሁለት ነው እል ነበር፦ የተማሪው ምሥጢር ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ለተማሪው አይዋሽም። በሁለቱም ዛሬም አምናለሁ። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ትርሐስ የመጣችው እንቅልፍ አጥታ ነው። የአካውንቲንግ ተማሪ፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ስሟን ስትናገር ድምጿን ዝቅ የምታደርግ። ዘመኑ እንደዚያ ነበር። እናቷ መቐለ ናቸው፤ መንገዱም ስልኩም ተቋርጧል። እናትየው ስኳር አለባቸው፤ መርፌ ካልተወጉ አይሆንላቸውም። ትርሐስ ጠዋት ትደውላለች፣ ከምሳ በኋላ ትደውላለች።

«ማግኘት አይችሉም የምትለዋን ሴትዮ ጠላኋት» አለችኝ። «ማሽን መሆኗን እያወቅሁ፣ አንድ ቀን 'እባክሽ አገናኚኝ' ብዬ ለመንኳት።»

በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ስለ እንቅልፍ እናወራለን፣ ስለ ትምህርቷ እናወራለን፤ በመጨረሻ ሁሌም ወደ እናቷ መርፌ እንመለሳለን። ወደድኳት። እንዲህ ያለ ነገር በሙያችን አይባልም፤ እኔ ግን ጡረተኛ ነኝ።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲቃረብ አጎቷ ቢሮዬ መጡ። አቶ ሐጎስ ይባላሉ፤ ኢምፔሪያል አካባቢ የሴራሚክ ሱቅ አላቸው። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ ብለው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ።

«እህቴ፣ የዚች ልጅ እናት አርፋለች። ከዚያ የወጣ ሰው ነው የነገረን። መድኃኒቱ አልቆ…» አሉና ቃሉን አልጨረሱትም።

«ትርሐስ ሰምታለች?»

«እንዴት ትሰማለች! ፈተናዋን ትጨርስ። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ እናረዳታለን። እርስዎ ጋ እንደምትመላለስ አውቀን ነው የመጣነው። እስከዚያ ከወሬ ይጠብቁልን። እናቷ 'ልጄ ተመርቃ ልያት' እንዳለች ነው ያለፈችው፤ ይህ ዓመት እንዳይበላሽባት።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ለተማሪ ፈተና እስኪያልቅ፣ ለአራስ እስክትጠነክር ይደበቃል። ከዚያ ገና ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ይሰበሰባል፤ አንድ ሽማግሌ ይናገራል፤ ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ይይዙታል፤ ሐዘንተኛው ሲጮህ ሁሉም አብሮት ይጮኻል። እኔ ያን ቀን ያየሁት መደበቁን ብቻ ነው። አንዲት ትልቅ ልጅ እናቷ መሞቷን አገር አውቆ እሷ ብቻ ሳታውቅ፣ ለሞተች ሴት ስትደውል ልትከርም ነው። ለአቶ ሐጎስ «አስብበታለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው፤ እሳቸው እሺ እንዳልኩ ቆጠሩት። ወዲያው ለሲስተር ጽጌ ደወልኩ። የልጅቷን ስም አልነገርኳትም፤ ለብቻዋ አስቀምጬ ልነግራት እንዳሰብኩ ግን ነገርኳት።

«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለችኝ። «እሱ በመደበቁ፣ አንቺ ለብቻዋ ልትነግሪያት በማሰብሽ። ይነገራት፣ ዛሬም ቢሆን ይነገራት። ግን አጎትየውን አሳምኚውና ይምጣ፤ የዶርም ጓደኞቿ ይምጡ፤ የእናቷ አገር ሰው ካለ ይምጣ። ሰው ይኑራት።»

«እንዴት ጓደኞቿን ልሰብስብ? ወደዚህ እንደምትመጣ ማንም አያውቅም። ምሥጢሯ ነው።»

«ሞት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምሥጢር የሆነው?»

ተናደድኩባት። ዘመኑ አልፎባታል አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ትርሐስ መጣች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ገና ደህና ነሽ ሳልላት ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይን ለዓይን፣ ልክ ሥልጠናው እንደሚለው።

«አጎቴ ስልኬን ማንሳት ትቷል። ሚስቱ ስታየኝ ጓዳ ትገባለች። እትዬ ሮማን፣ እናቴ አለች?»

ምን ልበላት? በሩ ተዘግቷል። በረጋ ድምፅ፣ ሳላንዛዛ፣ ነገርኳት።

አልጮኸችም። አውሮፕላን አለፈ፤ እስኪያልፍ ሁለታችንም ጠበቅን። ሶፍት አቀረብኩላት፤ አንድ መዘዘች፣ ዓይኗን አላበሰችበትም፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጣጠፈችው። ዙሪያዋን ስታይ ትዝ ይለኛል። የተቀባው ግድግዳ፣ ወንበሬ፣ እኔ። ሌላ ሰው የለም።

«ማን ማን ያውቃል?»

«አጎትሽ። ዘመዶችሽ።»

«እርስዎ እንደነገሩኝ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እሺ። አመሰግናለሁ» ብላ ተነሳች። ልሸኝሽ፣ አጎትሽ ጋ ልደውል፣ አብሬሽ ልዋል አልኳት፤ እምቢ አለች። ቀኑን ሙሉ በየሰበቡ በዶርሙ በኩል ስመላለስ ዋልኩ፤ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ታጠና ነበር። ፈተናዋን ተፈተነች። ጥሩ ውጤት አመጣች። እኔም ጠንካራ ልጅ ናት፣ ደግ አደረግሁ ብዬ ኮራሁ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ አቶ ሐጎስ እንደገና መጡ። ይህን ጊዜ ተቀመጡ። ጎህ ሲቀድ ገርጂ በሚገኘው ቤታቸው ዘመድ ሰብስበው አርድተዋታል። «ወጓን አደረሰች» አሉኝ። «ደረቷን መታች፣ ፀጉሯን ነጨች፤ ሦስት ሴት አልያዛትም። እርስዎም ቃልዎን ጠብቀው ሰው አደረጉን። እግዜር ይስጥልኝ።» እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ልጅቷ ያልተናገረችውን እኔ ልናገር አልችልም።

ትርሐስ ወደ እኔ የተመለሰችው ትምህርት ሲከፈት ነው። ከስታለች። ወንበሩን አዙራ ወደ መስኮቱ ተቀመጠች።

«አስመሰልኩ» አለች።

«ምን አስመሰልሽ?»

«ያኔ ገና የሰማሁ አስመሰልኩ። አጎቴ ፊት እንዳያፍር፣ እርስዎም እንዳይጠየቁ። ሴቶቹ ይዘውኝ ሲያለቅሱ እኔ በውስጤ 'እንዲህ ነው የሚጮኸው? ይበቃል ወይስ ልጨምር?' እል ነበር። የእናቴን ለቅሶ ቲያትር ሠራሁበት።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «አሁን ብቻዬን ስሆን እውነተኛው ይምጣ እላለሁ። አይመጣም። እንባ የለኝም እትዬ። ለእናቴ አንዲት ጠብታ እንባ የለኝም።»

ሶፍቱን ላቀርብላት እጄን ዘርግቼ መለስኩት።

«እርስዎ ሊዋሹኝ አይገባም ነበር፤ እሱ ይገባኛል» አለች። «ግን አንድ ሰው እንኳ ቢጠሩልኝ ምን ነበረበት?»

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ታክሲ አልያዝኩም፤ እያለቀስኩ በእግሬ ሄድኩ። አሁንም አንዳንዴ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ጠይቃኝ ልዋሻት ነበር? አይደለም። እውነቱን ነው የነገርኳት። ግን ሥልጠናው የሰጠኝ ክፍልና ሁለት ወንበር ነው፤ ሐዘናችን ደግሞ ሁለት ወንበር አይበቃውም። በሌላ አገር ይበቃ ይሆናል፤ አላውቅም።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩላት። የአእምሮ ሐኪም ጋ ላክኋት፤ መድኃኒቱ እንቅልፍ መለሰላት፣ እንባ ግን አልመለሰላትም። ትሪውን ከቁም ሣጥኑ አወረድኩ፤ እሷ ግን ወደ ቢሮው መምጣቱን እየተወችው ነበር። ተመረቀች፤ ቦሌ አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነች። በበዓል ትደውልልኛለች። «አለቀስሽ?» አልላትም፤ እሷ ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «ገና ነው» ትለኛለች።

የተለወጠው ሥራችን ነው። ከዚያ ወዲህ የተማሪ መርዶ ሲመጣ ቤተሰቡን እንለምናለን፤ ፈተና በሕክምና ማስረጃ ይራዘማል፣ መርዶ ግን አይሻግት እንላለን። የዶርም ልጆች ይጠራሉ፣ ያገሩ ልጆች ይጠራሉ፤ ቄስ ወይም ሼህ የሚያስፈልገውም ይጠራለታል። የምንሰበሰበው በቢሮ አይደለም፣ ከካፌው ጀርባ ባለው አዳራሽ ነው። የሚናገረው ዘመድ ነው፤ እኛ እንይዛለን። አንድ ዲን ጩኸቱን ሰምተው «ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?» ብለውኛል። «እንደ ቀኑ ነው» አልኳቸው።

እንግዲህ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ትሪውን ይዤ ቦሌ ቡልቡላ ሲስተር ጽጌ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነች፤ እግሯ ከከዳት በኋላ ወርዳ አታውቅም። ባልም ልጅም አልነበራትም፤ የሕንጻው ሴቶች ናቸው ተራ ገብተው የሚያበሏት። ትሪውን ስታይ ሳቀች። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? አሁንማ ዓይኔ የምሩን ደከመ። ምስሩንና ጠጠሩን አንድ ላይ ቀቅዬ ነው የምበላው» አለችኝ። የትርሐስን ነገር ያን ቀን ከነስሟ ነገርኳት። ነግሬሽ ነበር አላለችኝም። ጣቷን በባዶው ትሪ ላይ እያንሸራተተች ቆየችና «እንባ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ያለበት ቦታ ውሰጃት» አለችኝ።

ወዴት እንደምወስዳት ሳልጠይቃት፣ ትሪውን እዚያው ትቼላት ተለያየን።

ብዙም ሳይቆይ ከጎረቤቶቿ አንዷ ደወለችልኝ። «እትዬ ጽጌ ትንሽ ደከም ብለዋልና ቢመጡ» አለችኝ። እኔ ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ፤ በስልክ ደከም አለ የተባለ ሰው ሁሉ ሞቷል። ቢሆንም አመንኳት፤ ማለቴ፣ እስክደርስ ድረስ ማመን ፈለግሁ። ሕንጻው ሥር ድንኳን ሲተክሉ ሳይ ጮኽኩ፤ ሴቶቹ ሮጠው ደገፉኝ። በየክንዴ ሁለት ሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በገዛ ገላዬ፣ ያች ልጅ ምን እንደተነፈገች ገባኝ።

በማግስቱ ትርሐስ ልታጽናናኝ መጣች። ሲስተር ጽጌን በአካል አታውቃትም፤ እኔ ሐዘን እንደተቀመጥኩ ሰምታ ነው። ጥቁር ለብሳ፣ እጄን ስማ አጠገቤ ቁጭ አለች። ጾም ነበርና የእድሩ ሴቶች ለእዝን ወጥ ምስር ይለቅማሉ። እኔም ዝም ብዬ መቀመጥ አላስቻለኝም፤ ከአራተኛ ፎቅ ትሪውን አስወረድኩ። አንዷ ምስር አፈሰሰችልኝ፤ ጉልበቴና የትርሐስ ጉልበት መሃል አስቀመጥኩት።

«እስኪ አግዢኝ» አልኳት። «ዓይኔ ደክሟል።» በእንባ ያበጠው ዓይኔ የምር አያይም ነበር።

ጎን ለጎን ለቀምን። ጠጠሩ ብዙ ነው። እሷ ፈጣን ናት፣ ልማድ ያላት ጣት ነው።

«ስኳሩ የእናቴን ጣቶች ያደነዝዛቸው ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ። «ጠጠሩ ያመልጣታል። ሌላው ሲበላ ጠጠር ሲነክስ ታፍራለች። እኔ ነበርኩ ተደብቄ እንደገና የምለቅምላት። አላወቀችም።» አንድ ጠጠር አውጥታ «ማን ለቀመላት በመጨረሻ?» አለች።

አውሮፕላን ከላያችን መጣ፤ ቡልቡላ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ድንኳኑ ይርገበገባል። ሰው ሁሉ ወሬውን አቁሞ ጠበቀ። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ሌላ ድምፅ ከሥሩ ቀረ፤ መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ አልገባኝም። ከጎኔ ነበር።

«አደየ!» አለች። እናቴ ማለቷ ነው፣ በአገሯ ቋንቋ። «አደየ! አደየ! ብቻሽን!»

ትሪው ተገለበጠ። ሴቶቹ ከየቦታቸው ተነሥተው ያዟት፤ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ። የማያውቋት ሴቶች አብረዋት ጮኹ። እኔም ያዝኳት። ደረቴ ላይ ያለው ነጠላ በእንባዋ ራሰ፤ ትኩስ ነበር። አንዲት ሴት «በቃሽ የእኔ ልጅ፣ ትታመሚያለሽ» ስትላት «ተዪያት፤ ታልቅስ» አልኳት።

ከጎኔ የነበረችው፣ የሲስተር ጽጌ የግድግዳ ጎረቤት፣ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ይቺ ልጅ ለእትዬ ጽጌ ምኗ ናት?» አለችኝ።

«ልጇ ናት» አልኳት።

ሲስተር ጽጌ ልጅ እንዳልነበራት ሕንጻው በሙሉ ያውቃል። ሴትየዋ አልተከራከረችኝም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ትርሐስን ለመያዝ ሄደች።